አስራ ዘጠኝ ነጥብ

ሃርመን፣ ጥር 14 ቀን

ለውድ ወንድሜ ለዴል፣

እንደምን ከርመሃል? ያለህበት አገር አሁን በጋ ነው አሉ፤ እኛ እስከ ጉልበታችን በረዶ ውስጥ ነን። አምላክ አንተን ከማዕድኑ ጉድጓድ፣ እኛን ከዚህ ብርድ በጤና ያውጣን። አባባ ሰላም ይሉሃል። እኔም ደህና ነኝ፣ ጠይቀኸኝ ባታውቅም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። ስልኩ ያለው ማድ ቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ አባባ ደግሞ ጠዋት ምድጃው አጠገብ ከተቀመጡ እስከ ራት አይነሱም። ይህን የምጽፍልህን እንዲሰሙት አልፈልግም። ኮምፒዩተር የምትል እንደሆነ፣ ያለው የከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሠራተኛዋ ኔልዳ ከኋላዬ ቆማ ከእኔ ቀድማ ታነባለች።

ነገሩ የኤልክ፣ የዚያ የትልቁ አጋዘን፣ አደን ነው። አባባ በሚያዝያ ሰማንያ አንድ ዓመት ይሞላቸዋል፤ ነጥባቸው ደግሞ አስራ ዘጠኝ ደርሷል። በዚህ አገር ሰው ጋብቻውን የፈጸመበትን ቀን ይረሳል እንጂ ነጥቡን አይረሳም። በዓመት አንድ፣ አንድ እያልክ አጠራቅመህ ነው ለዕጣው አደን የምትበቃው። አባባ ግን ዕጣው ውስጥ አንድም ጊዜ ገብተው አያውቁም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነጥቡን ብቻ እየወሰዱ "ዴል ሲመጣ አብረን እንገባለን" ይላሉ። አንተም በየገናው ደውለህ "የሚመጣው ዓመት፣ አባባ" ትላቸዋለህ።

ዘንድሮ ግን ሐኪሙ ልባቸው ደክሟል አለኝ። "ሌላ አንድ የበረዶ ወቅት ከተሻገሩ ጥሩ ነው" ያለኝ እሳቸው ወዲያ ዞረው ሸሚዛቸውን ሲቆልፉ ነው። ከሸለቆው በላይ ከፍታ እንዳይወጡም ከልክሏቸዋል። እሳቸው የሰሙት ክልከላውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ መግባት አለባቸው፤ ለየትኛው አደን እንደሚገቡ ደግሞ መምረጥ አለብን። አንደኛው ሶሬል ተራራ ነው። በፈረስ አንድ ቀን ሙሉ ወጥተህ ድንኳን ትተክላለህ፤ ትልልቆቹ ወንድ ኤልኮች ያሉት እዚያ ነው። ሁለተኛው የቡከር ሜዳ ነው። ፒካፑ ምንጩ ድረስ ይገባል፣ ኮረብታው ዝቅ ያለ ነው፣ ጥዱ ውስጥ ኤልክ አይጠፋም። ቀንዱ እንደ ሶሬሎቹ አይሆንም እንጂ። እኔ ቡከር ይሻላል እላለሁ። አባባን ስጠይቃቸው "ዴል ይምረጥ" አሉ። እኔ የምመርጥላቸው ምሳቸውን ብቻ ነው።

ማመልከቻው መጋቢት 5 ይዘጋል። ደግሞ የአያታችን ጠመንጃ አንተ በተከራየኸው ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ነው ብለኸን ነበር። አባባ "ቁልፉን ይላክልንና ማርቫ ታውጣው፤ ዘጠኝ ዓመት ዘይት አልነካውም" ይላሉ። ቶሎ ላክልን።

መንገድህን ሁሉ ያቅናልህ።
እህትህ ማርቫ


ምዕራብ አውስትራሊያ፣ የካቲት 4 ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ማርቫ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኔ ከሙቀቱ በስተቀር ምንም አልልም፤ ለሰጪው ምስጋና ይግባው። ባሕር ያራራቀንን እኛን በአንድ ማዕድ የሚያስቀምጥ ቀን ያምጣልን። ለአባባም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከፈረቃ ስወጣ ነው፤ ቀዩን አቧራ ሳላራግፍ እዚያው ቆሜ አነበብኩት።

እትዬ፣ ስለ ቡከር የጻፍሽውን እንዳልጻፍሽው ልቁጠረው? አባባ አስራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቁት ከመኪና ወርደው የሰው ላሞች መሃል ለመተኮስ ነው እንዴ? ሰው ምን ይለናል? ሶሬል ይሁን። እኔ እዚህ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ስቀመጥ የማወራው ስለ ሶሬል ነው። ንጋት ላይ ቅጠሉ ወርቅ ሆኖ፣ ወንዱ ኤልክ ከገደሉ ማዶ ሲያፏጭ፣ አባባ ጣታቸውን ወደ ላይ አንስተው "ዝም፣ ስማ" ሲሉኝ። ሐኪም ሁሉንም ነገር ይከለክላል፤ ሥራው ነው። ከጎረቤታችን ከሩሎን ረጋ ያለ ፈረስ እንዋሳለን፤ አባባ ኮርቻው ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ ልጓሙን ይዤ እመራለሁ።

አዎ፣ እመጣለሁ። በዚህ ዓመት ቁርጥ ነው። እኔም ሦስት ነጥብ አለኝና በአንድ ማመልከቻ በቡድን አስገቢን፤ ሁለታችንም ፈቃድ ይኑረን። አባት ሲተኩስ ልጅ ባዶ እጁን ቆሞ ሲያይ አያምርም።

ለሩሎን፣ ለኔልዳ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም በይልኝ።
ወንድምሽ ዴል


ሃርመን፣ የካቲት 17 ቀን

ለወንድሜ ለዴል፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስ። እመጣለሁ የምትለውን ለአባባ አነበብኩላቸው። ተነስተው ጫማቸውን መወልወል ጀመሩ፤ ለመስከረም አደን በየካቲት!

አሁን እርሳስ ያዝ። የአባባ አስራ ዘጠኝ፣ ያንተ ሦስት። በቡድን ስታመለክቱ ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል፤ አስራ አንድ። አምና ቡከር የደረሰው አስራ ሰባት ላለው ሰው ነው። ሶሬልማ የአባባ አስራ ዘጠኝ ብቻውንም ላይበቃው ይችላል። አንተን አጠገባቸው ብጽፍ ስምንት ዓመታቸውን ሰረዝኩ ማለት ነው። ይህን ደግሞ እዚህ ያደገ ልጅ አላውቅም ሊለኝ አይችልም።

ያልነገርኩህም አለ። ቀኝ ዓይናቸው ከህዳር ጀምሮ አያይም። ግራው ሩቅ ያያል እንጂ ፊደል አይለይላቸውም፤ ጋዜጣውን የማነበው እኔ ነኝ። እንዳልነግርህ አስምለውኝ ነበር፤ ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ። ይህን ሰው ነው በሶሬል ገደል ላይ በፈረስ ልጓም ይዘህ የምትመራው? አንተ ሶሬልን ያየኸው በሃያ ዓመትህ ነው፣ የኔ ወንድም። ተራራው አልተለወጠም፤ እኛ ነን የተለወጥነው።

የምለምንህ ይህን ነው። አባባ ብቻቸውን ለቡከር ያመልክቱ። አንተ ያለ ፈቃድ ና፤ አጠገባቸው ተቀመጥ፣ የሩቅ ማያ መነጽሩን ያዝላቸው። እሺ ካልክ ባለህበት ሆነህ በስልክ አንድ ቃል ብቻ ንገረኝ፦ "ቡከር"። ሌላ ነገር አታብራራ፤ አጠገቤ ናቸው።

ቁልፉስ? አባባ በቀን ሁለቴ ይጠይቁኛል።
ማርቫ


ምዕራብ አውስትራሊያ፣ መጋቢት 2 ቀን

ለእትዬ ማርቫ፣

አምላክ ከነቤትሽ ይጠብቅሽ። የዓይናቸውን ነገር ስሰማ ሆዴ ባባ፤ ሌላ ምን እላለሁ። ግን እትዬ፣ አንቺ ሁሉን ነገር ቁጥር ታደርጊዋለሽ። አባባን እስኪ ጠይቂያቸው፤ ለብቻዎ ደርሶዎት ቢወጡ ይሻልዎታል፣ ወይስ ከዴል ጋር ገብተው ቢቀርብዎት? መልሳቸውን እኔ ከዚህ ሆኜ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ያልኩሽን አድርጊ፤ ሶሬል፣ በቡድን። ዕጣ ነው፣ ማን ያውቃል።

ስልክ ልደውል ነበር፣ የሰዓቱ ልዩነት አስቸገረኝ። ቁልፉን እያፈላለግሁት ነው፤ ካጣሁት ስመጣ ራሴ መቆለፊያውን አስሰብሬ ጠመንጃውን አወጣዋለሁና አትቸገሩ።

ወንድምሽ ዴል


ሃርመን፣ መጋቢት 27 ቀን

ለዴል፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህ የደረሰኝ መጋቢት 21 ነው። ማመልከቻው ከተዘጋ አስራ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር።

መጋቢት 5 ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ሊዘጋ ሲል ገባሁ። ኔልዳ ካፖርቷን ለብሳ ቁልፍ እያንቀጫቀጨች ቆማለች። አንተ አልደወልክም። "የቡድን ማመልከቻ ነው?" የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። "ማርቫ፣ ሰው ቤት የለውም እንዴ?" አለችኝ ኔልዳ። አይደለም የሚለውን ነካሁት። ቡከርን መረጥኩ። የአባባን ስም ሞላሁ፦ አርቬል ስቶደርድ፣ ብቻውን።

ቤት ስገባ አባባ "ዴል የቱን መረጠ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? "ቡከርን" አልኳቸው። ቀና አሉ። "ዴል? ቡከርን?" "አዎ አባባ። እርስዎ እንዳይደክሙ ብሎ ነው። ለብቻዎ ይግቡ፣ እኔ መጥቼ አጠገብዎ እቀመጣለሁ ብሏል።" ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመሩና "ልጄ አስቦልኛል" አሉ። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ባሌን ቀብሬ እዚህ ቤት ከተመለስኩ ወዲህ ስለ እኔ እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ይሁን፣ ምስጋናው ያንተ ይሁን፤ ብቻ መጥተህ ውሰደው።

ዋሽቻለሁ። ውሸቱን እውነት ማድረግ የምትችለው አንተ ብቻ ነህ።
ማርቫ


ሃርመን፣ ሰኔ 3 ቀን

ለዴል፣

ከመጋቢት ጀምሮ ድምፅህ ጠፋ። ደህና ነህ ብዬ ልመን።

ደረሳቸው! ቡከር፣ ከመስከረም 13 ጀምሮ ዘጠኝ ቀን። ወረቀቱ ሲመጣ አንብቤላቸው አላመኑኝም፤ ሩሎንን ጠርተው እንደገና አስነበቡት። ሩሎን ታውቀዋለህ፣ አፉ አያርፍም። "አርቬል፣ ጥይት አትፍጅ፤ ኤልኩ አንተን ሲያይ በሳቅ ይወድቃል" አላቸው። አባባም "አንተን ካስከተልኩማ ሽታህ ያባርረዋል" አሉት። ሁለት ሽማግሌ ማድ ቤቴ ውስጥ እስኪያስላቸው ሳቁ።

አሁን ደግሞ ምን እንደያዙ ልንገርህ። ቀኝ ዓይናቸው ስለማያይ በግራ ትከሻ መተኮስ እየተማሩ ነው። በሰማንያ አንድ ዓመታቸው! ከጎተራው ጀርባ ኮክ የታሸገበትን ባዶ ቆርቆሮ አጥር ላይ እደረድርላቸዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሰማዩን ነበር የሚመቱት፤ ትከሻቸው እንደ ወይን ጠቆረ። አሁን ከስድስቱ አራቱን ይጥላሉ። "ዴል ሲያይ ምን ይል ይሆን?" ይላሉ።

ቁልፉን እባክህ። የአያታችንን ጠመንጃ አንተ ይዘህ አጠገባቸው እንድትቀመጥ ነው የሚፈልጉት። ፈቃድ የሌለው ሰው ጠመንጃ ለምኑ ነው ብላቸው "ይያዘው ብቻ" አሉኝ።
ማርቫ


ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ሐምሌ 19 ቀን

ለማርቫ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዝም ያልኩት ተናድጄ ነው፤ አሁንም ልቤ አልበረደም። ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ። እናታችን ስትሞት የቀብሩን ልብስ የመረጥሽ አንቺ፣ ከብቱ ሲሸጥ የፈረምሽ አንቺ፣ አሁን ደግሞ የአባቴን አደን የመረጥሽ አንቺ። በስሜ ዋሽተሽ! አባባ "ልጄ ከእንግዲህ ሶሬልን አይችሉም አለኝ" ብለው ነው የሚያስቡት። ይህን አስበሽዋል? የአባቴን ክብር በእኔ አፍ ነው ያወረድሽው።

እንግዲህ የመረጥሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ውሰጃቸው። ስለ መምጣቴ አላውቅም። ፈቃድ በሥራ ቦታ እንዲሁ የሚገኝ ነገር አይደለም።
ዴል


ሃርመን፣ ነሐሴ 6 ቀን

ለወንድሜ ለዴል፣

ጤናህን ይስጥህ። ያልከኝን ሁሉ ተቀብያለሁ። የቀብሩን ልብስ የመረጥኩት ሌላ የሚመርጥ ሰው በቦታው ስላልነበረ ነው፤ ይህን ላንሳው አልፈልግም፣ ግን አነሳሁት።

ስደበኝ። ከፈለግህ መጥተህ በራቸው ላይ ቆመህ ስደበኝ። ግን ና። ለአምስት ቀን፣ ለሦስት ቀን። አባባ ጓዛቸውን ሸክፈው ጨርሰዋል። አዳኝ የሚለብሳትን ብርቱካናማ ሰደርያ አሳጥበውኝ በር ላይ ሰቅለዋታል። ሁለት ታጣፊ ወንበር ገዝተዋል። ለእኔ አይደለም ሁለተኛው።

ቁልፉን ተወው፤ ሁለተኛ አልጠይቅህም። ባዶ እጅህን ና።
እህትህ ማርቫ


ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ነሐሴ 28 ቀን

ለእትዬ ማርቫ፣

አልችልም። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። ለአባባ እንዴት እንደምትነግሪያቸው አንቺ ታውቂያለሽ፤ ቡከር ይመጣል ብለሽ ቃል የሰጠሻቸው አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም። ቀንቷቸው እንዲመለሱ አምላክን እለምናለሁ።
ዴል


ሃርመን፣ መስከረም 29 ቀን

ለዴል፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ልንወጣ ሁለት ቀን ሲቀረን ነው። አልነገርኳቸውም። አፌን ስከፍት ወንበሮቹን ፒካፑ ላይ ሲጭኑ አየሁና ዘጋሁት። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ ሁሉንም ባንተ አላላክክም።

ተጎታች ቤቱን ከቡከር ምንጭ በላይ አቆምን። ገና ሳይነጋ ጥድ ሥር ሁለቱን ወንበር እዘረጋለሁ። እሳቸው አንዱ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ ግንዱን ተደግፌ መሬት ላይ። ሁለተኛው ወንበር ላይ አንተ የምትይዝላቸውን መነጽር አስቀመጡልህ። ከታች በመንገዱ አቧራ በተነሳ ቁጥር "ዴል ይሆናል" ይሉኛል። አንዴ ከብት ጠባቂ ነበር፣ አንዴ የአደን ተቆጣጣሪው፣ አንዴ ሩሎን፣ የጥብስ ሥጋና ትኩስ ዳቦ ይዞ። ሩሎን ያን ባዶ ወንበር አየና እኔን አየኝ። ቀልደኛው ሩሎን አንዲት ቃል ሳይቀልድ ተመለሰ።

ሰባት ቀን ሴትና ግልገል ብቻ አየን። ስምንተኛው ቀን ጠዋት አየሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። እንደ ወንድ ኤልክ የሚያፏጨውን የመጥሪያ ቱቦዬን አውጥቼ ጠራሁ። ኤልክ መጥራት ማን እንዳስተማረኝ ታውቃለህ? ማንም። አባባ አንተን ከጎተራው ጀርባ ሲያስተምሩህ እኔ ውስጥ ሆኜ ላም እያለብኩ እሰማ ነበር። አንተ አልሆነልህም፤ እኔ ላሟ አጠገብ ስሞክረው ሆነልኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ከኮረብታው ጀርባ መለሰልኝ። ደግሜ ጠራሁ፣ ቀረበ። ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማን። ከዚያ ጥዱን ከፍሎ ወጣ፤ ጎኑ ሁሉ ጭቃ፣ በየቀንዱ ስድስት ስድስት ቅርንጫፍ፣ ትንፋሹ እየጨሰ። ስልሳ እርምጃ አይሞላም። ዴል፣ ቡከር ላይ እንዲህ ያለ ይኖራል ብዬ አልሜም አላውቅ! ጎኑን ሰጥቶን ቆመ።

አባባ የራሳቸውን ጠመንጃ በግራ ትከሻቸው አነሱ። መጠበቂያው ቀጭ ሲል ሰማሁ። ትንፋሼን ይዤ ቆጠርኩ። ከዚያ ቀስ ብለው አወረዱት።

"ዴል ይድረስ" አሉኝ በሹክሹክታ።

"አባባ፣ ይተኩሱ!"

"ልጁ ከዚያ ድረስ እየመጣ እኔ ጨርሼ ልጠብቀው? ነውር ነው። ነገም ቀን ነው። አንቺ ትጠሪዋለሽ።"

ኤልኩ እኛን አየ፤ ዞረና በመጣበት ገባ።

ያን ጊዜ ነው እንደ እብድ የሆንኩት። ቱቦዬን ወረወርኩት። ዴል አይመጣም አልኳቸው። አልመጣም ብሎ ጽፏል፣ ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው። ቡከርንም እሱ አልመረጠም፣ እኔ ነኝ። ለብቻዎ ይግቡ፣ እኔ አጠገብዎ እቀመጣለሁም አላለም፣ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፤ ጮኼባቸውም ነበር፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ። አባባ ከባዶው ወንበር ላይ መነጽሩን አነሱ። የተናገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ትናንት ብትነግሪኝ ኖሮ ተኩሼው ነበር።"

በመጨረሻው ቀን ነፋስ ተነሳ። እስኪመሽ ጠራሁ፤ የመለሰ የለም። ስንመለስ መኪና ውስጥ "ነጥቤስ?" አሉኝ። ዕጣው የደረሰው ሰው ተኮሰም አልተኮሰም ነጥቡ ዜሮ ይሆናል፤ እንደገና ለማመልከትም አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ይህን እኔ ልንገራቸው? እሳቸው ከእኔ በላይ ያውቁታል። "ዜሮ ነው አባባ" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከተመለስን ወዲህ ከአልጋ የሚነሱት ለምሳ ብቻ ነው። ይህንን ስታነብ ምን እንደሚሰማህ አላውቅም። እኔ እርር ድብን ብያለሁ።
ማርቫ


ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ጥቅምት 24 ቀን

ለእህቴ ለእትዬ ማርቫ፣

ምን ብዬ ሰላም እንደምልሽ ጠፋኝ። ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። ምክንያቱን አትጠይቂኝ ብዬሽ ነበር፤ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ።

የአያታችን ጠመንጃ የለም። ዕቃ ማከማቻ የሚባልም የለም። ፍቺዬ ጊዜ ሸጥኩት፤ ወደዚህ የመጣሁበትን ቲኬት የቆረጥኩት በእሱ ነው። ማን እንደገዛው እንኳ አላስታውስም። አባባ ያን ጠመንጃ ሲሰጡኝ ማልቀሳቸውን አንቺም አይተሻል። ባዶ እጅህን ና ስትዪኝ፣ እትዬ፣ እኔ የማልችለው እሱን ነበር። በር ላይ ቆመው መጀመሪያ የሚያዩት ፊቴን አይደለም፤ እጄን ነው። ያለፉትን ዘጠኝ ዓመት "የሚመጣው ዓመት" ያልኳቸው ለዚህ ነው። ሶሬልን፣ በቡድን ብዬ ድርቅ ያልኩትም እንደማይደርሰን አውቄ ነው። ካልደረሰን መምጣት አይኖርብኝም ነበር።

አሁን አወቅሽ። ለአባባ እንዳትነግሪያቸው፣ በእናታችን ይሁንብሽ። ከዚህ በፊት በስሜ ዋሽተሻል፤ አሁንም አንድ ጊዜ ዋሺልኝ።
ወንድምሽ ዴል


ሃርመን፣ ህዳር 18 ቀን

ለዴል፣

በረዶው ጀምሯል። አባባ እስካሁን አሉ።

ደብዳቤህን ከፖስታ ሳጥኑ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ስንት ሳምንት ከደጅ ያልወጡ ሰው፣ ቴምብሩን በጣታቸው ዳብሰው አወቁት መሰለኝ። ካፖርታቸው ውስጥ ደብቀው ይዘውት ገቡ። "ዴል ጽፏል፣ አንብቢልኝ" አሉና ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ።

ከፈትኩት። የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሁለተኛው ላይ ዓይኔ ጠመንጃውን አየ። አላቆምኩም፤ ብቆም ያውቁብኛል። ከራሴ እያመጣሁ ቀጠልኩ። አባባ ይቅር ይበሉኝ ይላል አልኳቸው። ሥራው አስሮኝ ነው እንጂ ልቤ ቡከር ነበር ይላል። በግራ ትከሻ መተኮስዎን ሰምቼ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ ይላል። ጠመንጃውን አስወልውዬዋለሁ፣ በጸደይ ይዤው እመጣለሁ ይላል። ያንተን ወረቀት ይዤ የሌለ ዴል ፈጠርኩላቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ "ደግመሽ አንብቢልኝ" አሉ።

ደገምኩት። ግን ምን እንዳልኩ በየት በኩል ላስታውስ? እንደመጣልኝ ሄድኩ። መሃል ላይ እጃቸውን አነሱ።

"ቅድም በጸደይ ነበር ያልሽው። አሁን ፋሲካ ሆነ።"

ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት፤ አጥፈው ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና የኪሱን ቁልፍ ቆለፉት። ማንም እንዲያነብላቸው አይሰጡም፤ እኔ አውቃቸዋለሁ። "ዴል እንዲህ አሳምሮ መጻፍ አይችልም" አሉ። ተቆጥተው አይደለም። እንዲያው ነው ያሉት።

ሳህን ላጥብ ተነሳሁ። ከኋላዬ ጠሩኝ።

"ማርቫ፣ ያንቺ ነጥብ ስንት ነው?"

ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው ዴል። የሁላችሁንም ስንቅ ቋጥሬያለሁ፣ ፈረሳችሁን ጭኛለሁ፣ ያረዳችሁትን አሽጌያለሁ፣ የሳቸውን አስራ ዘጠኝ ነጥብ በየዓመቱ የመዘገብኩት እኔው ነኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

"ዜሮ" አልኳቸው። "አመልክቼ አላውቅም።"

"ለምን?"

ለምን አሉኝ! ሳህኑን ይዤ ቆምኩ። "ማንም ነይ ግቢ ያለኝ ስለሌለ" አልኳቸው።

ምድጃው ውስጥ እንጨቱ ሲወድቅ ተሰማ። "እኔም ዜሮ ነኝ" አሉ በመጨረሻ። "እንግዲያው እኩል ነን። አብረን እንግባ። አንዳችን ሌላውን አንጎትትም።"

አምስት ዓመት እንደሚቀራቸው ያውቃሉ። ሐኪሙ ያለኝን እንኳ ሳያውቁት አይቀሩም። ቢሆንም ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው መልሴን ይጠብቁ ነበር፤ በዚያች በምታየዋ ዓይናቸው። ምን እንዳልኳቸው ልንገርህ። ካንተ የተማርኩትን ነው ያልኳቸው።

"የሚመጣው ዓመት፣ አባባ።"

ማርቫ